የሳተላይት መሣሪያዎችን ከጠፈር ጨረራ መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሳተላይት ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም፦ «ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱበትን ዕቃ ለምን በወፍራም ብረት ሸፍነው አይልኩትም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አያልቅም። ብረት የሚያቆመው ጨረራ አለ፣ የማያቆመው አለ፣ ጭራሽ የሚያባብሰውም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለማየት የተሠራ መሣሪያ ዐይኑን መክፈቱ አይቀርም፤ በተከፈተው ዐይን የሚገባው ብርሃን ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ወደዚያ ክፍት ዐይን ይመለሳሉ።

ጨረራ የምትሉት ምንድን ነው? ከሞባይል ወይም ከሐኪም ቤት ኤክስሬይ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የሞባይል ሞገድም ኤክስሬይም የብርሃን ዘመዶች ናቸው፤ ክብደትም የኤሌክትሪክ ሙልም የላቸውም። እዚህ የምናወራው ከአቶም ተነጥለው በከባድ ፍጥነት ስለሚበሩ ቅንጣቶች ነው፦ ኤሌክትሮኖች፣ ፕሮቶኖችና ከእነሱ የሚከብዱ የአቶም አስኳሎች። ሙል ስላላቸው መግነጢስ መንገዳቸውን ይጠመዝዘዋል። ቁስ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ባለፉበት መስመር ሁሉ ኤሌክትሮን እየነቀሉ ይሄዳሉ፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሦስት ቦታ ይመጣሉ። አንደኛው ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ፣ ከፈነዱ ከዋክብትና ከመሳሰሉት የሚነሣው ኮስሚክ ጨረራ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት፣ ጉልበቱ ግን እጅግ ብዙ። ሁለተኛው ፀሐይ ራሷ ስትቆጣ የምትረጨው ነው። ሦስተኛው የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ያጠመደው፣ ዓመት ከዓመት መሬትን ሲዞር የሚኖረው ነው።

መሬት መግነጢስ ካላት እንዴት አትከላከልልንም?

ለእኛማ ትከላከላለች። ከራሳችን በላይ ያለው አየር ደግሞ ክብደቱ 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውሃ ጋር ይስተካከላል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሰው የፀሐይ ማዕበል ተነሣ ሲባል ለራሱ አካል የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ሳተላይቱ ግን ከአየሩ በላይ ነው፤ ያ መግነጢስ ቅንጣቶቹን ከእኛ ሲያግድ የሚያስቀምጣቸውም እሱ በሚዞርበት አካባቢ ነው።

ይህ የቫን አለን ቀበቶ የሚባለው ነው? እንዴት ታወቀ?

አዎ። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ዜሮ የሚል ቁጥር የወለደው ግኝት ስለሆነ።

አሜሪካ ጃንዋሪ 31 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1ን ስታመጥቅ፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቫን አለን ጋይገር ቆጣሪ የሚባለውን የጨረራ ቅንጣት መቁጠሪያ ጭኖባት ነበር። ሳተላይቷ ዝቅ ስትል ቆጣሪው የተጠበቀውን ያህል ይቆጥራል፤ ከፍ ስትል ግን ዜሮ ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? ተማሪው ካርል መኪልዌይን ተመሳሳዩን ቆጣሪ ኃይለኛ የኤክስሬይ ጨረር ሥር አስቀምጦ ሞከረው። ቆጣሪው መጀመሪያ በረታ፣ ከዚያ ፋታ አጥቶ ቆመ፤ ዜሮ አለ። ቅንጣት ስለጠፋ ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለበዛበት መቁጠር አቅቶት ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 3 ነገሩን አረጋገጠች።

ቀበቶዎቹ ሁለት ናቸው። የውስጠኛው ከ1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይጀምራል፤ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) የሚበሩ ፕሮቶኖች ያሉት እዚያ ነው። የውጨኛው ከ13,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ የኤሌክትሮኖች መንደር ነው፤ ፀሐይ በተናወጠች ቁጥር ያብጣል፣ ይሟሽሻል። በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶችና በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚያቀብሉን ሳተላይቶች ሁሉ ኑሯቸው በዚህ በውጨኛው ውስጥ ነው።

ቅንጣቶቹ መሣሪያውን ምን ያደርጉታል?

አንዱ ጉዳት ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ ቅንጣት ባለፈ ቁጥር ጥቂት ሙል እዚያ ተጣብቆ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ትራንዚስተሩ እንደማያጠፋ መብራት ማጥፊያ፣ እንደማያበራ ማብሪያ ይሆናል። ሌላው ጉዳት መፈናቀል ነው፦ ፕሮቶን የሲሊከኑን አቶም ከቦታው ገጭቶ ያስወጣዋል። ባዶ የቀረው ቦታ እንደ ጉድጓድ ሆኖ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይይዛል። ካሜራዎችን የሚያደክመው በዋናነት ይህኛው ነው።

ሦስተኛው የአንድ ቅጽበት ነገር ነው። አንድ ከባድ አስኳል በሜሞሪ ውስጥ አልፎ 0 የነበረውን 1 ያደርገዋል። ዕድል ካልቀና ቺፑ ውስጥ መኖር የሌለበት የኤሌክትሪክ መንገድ ይከፈትና፣ ኃይሉ ቶሎ ካልተቋረጠ ቺፑ ይቃጠላል።

አራተኛውን አገራችን ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማታ በጨለማ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ ብልጭ ብልጭ የሚለው ነገር ነው። የውጨኛው ቀበቶ ኤሌክትሮኖች የሳተላይቱን ቆዳ አልፈው በሽቦ ሽፋንና በሰርኪት ሰሌዳ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቀናት ሲቆዩ ይጠራቀሙና ድንገት ብልጭ ይላሉ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. አኒክ ኢ1 እና አኒክ ኢ2 የተባሉት የካናዳ ሳተላይቶች በሰዓታት ልዩነት ሚዛናቸውን ሳቱ። አቅጣጫቸውን የሚጠብቀው ጎማ መቆጣጠሪያ ነበር የተመታው። የመጀመሪያው በዚያው ቀን ሲመለስ፣ ሁለተኛውን ወደ ሥራ ለመመለስ አምስት ወር ገደማ ፈጀ። በሰሜን ካናዳ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ሰዎች ስልኩም ቴሌቪዥኑም በእነዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ታዲያ ለምን በወፍራም ብረት አይሸፈንም?

እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ይሸፈናል። 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለውን ፕሮቶን ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ አሉሚኒየም ያቆመዋል። ጉልበቱ 100 ሚሊዮን ሲደርስ ግን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ይጠይቃል። የኮስሚክ ጨረራ ጉልበት በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው፤ ለእሱ የሚበቃ ግድግዳ ተሸክሞ የሚነሣ ሮኬት የለም። እንዲያውም ወፍራም ግድግዳ ሲመታ ከብረቱ ራሱ ኒውትሮንና ሌላ ስብርባሪ ይዞ ይገባል፤ አንድ የነበረው ጠላት ብዙ ሆኖ ውስጥ ይገኛል።

ኤሌክትሮን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ከባድ ብረት ውስጥ ገብቶ ድንገት ሲቆም ኤክስሬይ ይወልዳል። የሆስፒታሉ የኤክስሬይ ማሽን የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ኤሌክትሮኑን በውጭ በኩል እንደ አሉሚኒየም ባለ ቀላል ብረት ያቆሙትና፣ የተወለደውን ኤክስሬይ ከውስጥ በኩል እንደ ታንታለም ባለ ከባድ ብረት ይውጡታል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ብረት በትክክል የሠራበትን ቦታ ለማየት ወደ ጁፒተር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጠቀችው ጁኖ፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ፕላኔቶች ሁሉ የከፋው የጨረራ ቀበቶ ውስጥ እንደምትገባ ስለታወቀ፣ ኮምፒውተሯና ዋና ዋና ኤሌክትሮኒክሷ ግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የታይታኒየም ሣጥን ውስጥ ተከተተ። ሣጥኑ ከነዕቃው ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጥ የሚደርሰውን ጨረራ ወደ 800 እጥፍ ይቀንሳል። ካሜራዋ ግን ሣጥኑ ውስጥ አልገባችም። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ካሜራ ምን ያያል? እሷን በመጨረሻው ጥያቄ ላይ እናገኛታለን።

በቻንድራ ቴሌስኮፕ ላይ የደረሰው ምን ነበር?

የዚህን ሙያ ትምህርት በአንድ ታሪክ አስረዳ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው፤ ስሙ የሕንድ ተወላጅ ከሆነው የፊዚክስ ሊቅ ከሱብራማንያን ቻንድራሴካር የተወሰደ ነው። ጁላይ 23 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣ። ምህዋሩ በጣም የተለጠጠ ነው፦ በመጀመሪያ ዓመታቱ ሲቀርብ 10,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሲርቅ 140,000 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ዙር 64 ሰዓት ገደማ። እንዲህ የተደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከቀበቶዎቹ ውጭ ሆኖ በጸጥታ እንዲመለከት ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ በቀበቶዎቹ ውስጥ ጠልቆ ማለፍ ግዴታው ነው።

ዋናው ካሜራው ኤሲስ ይባላል፤ 10 የሲሲዲ ቺፖች፣ ማለትም የሚወድቅባቸውን ጨረር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ የካሜራ ቺፖች አሉት። ዙሪያውን በደንብ ታጥሮ ነበር የተላከው። የካሜራው መዝጊያ ኦገስት ላይ ተከፈተ፣ የመጀመሪያዎቹ ምስሎችም ወረዱ፤ ከፈነዳ ኮከብ የቀረው የካሲዮፒያ ኤ ምስል ዓለምን አስደነቀ። በሳምንታት ውስጥ ግን ከአሥሩ ቺፖች ስምንቱ መፍዘዝ ጀመሩ። ጉልበቱ በትክክል የሚታወቅ ኤክስሬይ ሲሰጣቸው፣ ከቺፑ አንድ ጫፍ ትክክለኛውን ቁጥር፣ ከሌላው ጫፍ ያነሰና የተበተነ ቁጥር ይመልሳሉ።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ሲሲዲ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በደቦ ቤት ሲሠራ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ አስቡ። ኤክስሬይ በወደቀበት ቦታ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነሱ ከረድፍ ወደ ረድፍ ቅብብሎሽ እየተላለፉ ጫፍ ላይ ወዳለው ቆጣሪ ይደርሳሉ። በኤሲስ ቺፕ ላይ ያለው ረድፍ 1,024 ነው። በእያንዳንዱ ቅብብል ከ10,000 ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ቢቀር፣ ከመጨረሻው ረድፍ የተነሣው ጭነት ሲደርስ 10 በመቶ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። ስምንቱ ቺፖች ውስጥ ፕሮቶኖች የፈነቀሏቸው አቶሞች የተዉት ጉድጓድ ኤሌክትሮኖቹን እየያዘ ያስቀር ነበር።

ግን ካሜራው ታጥሮ የለ? ፕሮቶኖቹ በየት ገቡ?

በመስታወቱ። በፊት ለፊቱ በር።

ኤክስሬይን እንደ ፊት መስታወት ቀጥ አድርጎ መመለስ አይቻልም፤ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የቻንድራ መስታወቶች እንደ በርሜል ናቸው፤ አራት ጥንድ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ በኢሪዲየም ተለብጠው። ኤክስሬዩ ውስጠኛ ግድግዳቸውን ላጥ አድርጎ ነክቶ፣ በጥቂቱ ጎብጦ፣ 10 ሜትር ወደ ኋላ ካለው ካሜራ ላይ ይሰበሰባል። ድንጋይ በሐይቅ ላይ አግድም ሲወረወር እየነጠረ እንደሚሄደው ነው። ሰዎቹ ያልጠበቁት፣ ደካማ ፕሮቶኖችም በዚያው ግድግዳ ላይ በዚያው ዐይነት እየነጠሩ ወደ ካሜራው መውረዳቸውን ነው። ለብርሃን የተሠራው ማንቆርቆሪያ ፕሮቶንም ያንቆረቁር ነበር።

ሁሌ የሚገርመኝ ጉልበታቸው ነው። ጉዳቱን ያደረሱት 100 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የነበራቸው ናቸው። ተራ ወረቀት ያቆማቸዋል። ሲሊከን ውስጥ የሚዘልቁት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። ጥፋቱም ከዚህ የተነሣ ነው፦ ኃይለኛው ፕሮቶን ቺፑን በስቶ ያልፋል፣ በመንገዱ የሚተወውም ጉዳት ጥቂት ነው፤ ደካማው ግን የመጨረሻ ጉልበቱን የሚጨርሰው ኤሌክትሮኖቹ በሚቀባበሉበት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሆኑት የተረፉት ሁለት ቺፖች ናቸው። እነሱ ተገልብጠው የተሠሩ ስለነበሩ ፕሮቶኖቹ ወደ ቅብብሎሹ መስመር ለመድረስ መላውን የቺፕ ውፍረት ማቋረጥ ነበረባቸው፤ መሃል መንገድ ላይ ቀሩ። አንዱ ቺፕ ሲጎዳ ተገልብጦ ከጎኑ የተቀመጠው ምንም ባለመሆኑ፣ ገዳዩ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው ታወቀ።

በጥድፊያ አጥፊ ፈልጎ መውቀስ እዚህ ላይ አይገባም። ግድግዳው ለታሰበለት ጨረራ በትክክል ሠርቷል፤ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነበር።

አሁን እንዴት ነው የሚጠበቀው?

ካሜራው ከመስታወቱ ትኩረት ላይ ይነሣል። ቻንድራ መሣሪያዎቹን የሚያንሸራትት ጠረጴዛ አለው። ወደ ቀበቶው ከመግባቱ በፊት በተጻፈለት ትእዛዝ መሠረት ኤሲስን ወደ ጎን ወስዶ ከግድግዳው ጀርባ ያስቀምጠዋል፤ ከቀበቶው ሲወጣ ይመልሰዋል። ከ1999 እ.ኤ.አ. መስከረም ወዲህ በየዙሩ ይህ ይደረጋል። በመሃል የፀሐይ ማዕበል ቢነሣ፣ የምድር ጣቢያ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ኮምፒውተሩ ራሱ የጨረራ መለኪያውን አይቶ ካሜራውን ይሸሽጋል። የተወሰነ የመመልከቻ ሰዓት ይጠፋል። የጠፋው ሰዓት ግን ካሜራውን ለአሥርት ዓመታት አቆይቶታል።

ለተጎዱት ቺፖችም የተደረገ አለ። ካሜራው እስከ ዜሮ በታች 120 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ በዚያ ብርድ የተያዘ ኤሌክትሮን ቶሎ ስለማይለቀቅ ጉድጓዱ እንደተሞላ ይቆያል፣ ተከታዩም ሳይነካ ያልፋል። የቀረውን በሶፍትዌር ያርሙታል።

መግነጢስም አለ። ቻንድራ ላይ ኤሌክትሮኖችን ከመንገድ ጠርጎ የሚያወጣ መግነጢሳዊ መጥረጊያ ከመጀመሪያውም ተገጥሞ ነበር። ፕሮቶን ግን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ስለሚከብድ ያ መጥረጊያ አይገፋውም።

የአውሮፓው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ኤክስኤምኤም-ኒውተን ዲሴምበር 10 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ሲመጥቅ የቻንድራ ዜና ገና ትኩስ ነበር። ዋና ካሜራዎቹ ፊት ለፊት የሚሽከረከር የማጣሪያ ጎማ አላቸው፤ በጎማው ላይ አንዱ ቦታ በአሉሚኒየም የተደፈነ ነው። ሳተላይቱ በቀበቶዎቹ ሲያልፍ ጎማው ወደዚያ ይዞራል።

ሃብል ቴሌስኮፕ ከቀበቶዎቹ በታች ነው አይደል? ለምን ሥራ ያቋርጣል?

የመሬት መግነጢስ መሃሉ ከመሬት መሃል ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት በብራዚልና በደቡብ አትላንቲክ ላይ መስኩ ይሳሳል፤ የውስጠኛው ቀበቶ እዚያ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ወርዶ ይንጠለጠላል። ሃብል በዚያ ሲያልፍ ምስሎቹ በነጫጭ ጭረት ስለሚሞሉ ምልከታ አያደርግም፤ 15 በመቶ ያህል ጊዜው እንዲሁ ያልፋል።

የኢትዮጵያ ሳተላይትስ በዚያ አልፋለች?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትዞረው በ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚያስኬድ ምህዋር ነበር። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር ወደ 97 ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀን 15 ዙር ገደማ ማለት ነው። መሬት ከሥሯ ስለምትሽከረከር ከእነዚህ ዙሮች የተወሰኑት በየቀኑ በደቡብ አትላንቲክ ላይ ማለፋቸው አይቀርም። በዋልታዎቹ ላይ ደግሞ የመግነጢሱ መስመሮች ወደ መሬት ስለሚወርዱ የፀሐይ ፕሮቶኖች መግቢያ ያገኛሉ። እንጦጦ ላይ ሆኖ የእርሻ ማሳ ፎቶ ለሚቀበል ሰው ይህ ሩቅ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ወደፊት የራሳችንን ሳተላይት እዚሁ የሚነድፉ ልጆች ካሜራውን መቼ እንደሚያበሩ ብቻ ሳይሆን የት ላይ ሲደርስ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም በካርታ ላይ ማስመር አለባቸው።

ሰው ሠራሽ የጨረራ ቀበቶ ነበረ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጁላይ 9 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ 1.4 ሜጋቶን የኑክሌር ቦምብ አፈነዳች፤ ሙከራው ስታርፊሽ ፕራይም ይባል ነበር። በማግስቱ የመጠቀችው የቴሌቪዥን ሥርጭት ፈር ቀዳጇ ቴልስታር በፍንዳታው ኤሌክትሮኖች መሃል ስትመላለስ ቆይታ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ትእዛዝ መቀበል አቆመች። መሐንዲሶች ጃንዋሪ ላይ ቢያስነሷትም በፌብሩዋሪ 1963 እስከ ወዲያኛው ዝም አለች።

ፀሐይ ስትቆጣ ምን ያህል ጊዜ አለ?

ትንሽ። ብርሃኑ በ8 ደቂቃ ይደርሳል፤ ፈጣኖቹ ፕሮቶኖች በአሥራዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ይከተላሉ። ቀለል ያሉት ኤሌክትሮኖች ቀድመው ስለሚመጡ እነሱን አይቶ እስከ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻላል።

ማዕበሉ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የሶሆን ምስሎች ይመልከት። ሶሆ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ ፈቀቅ ብሎ የሚጠብቅ መንኮራኩር ነው። በምስሉ መሃል ፀሐይን የሚጋርድ ክብ አለ። ከክቡ ጀርባ ነጭ ደመና ፈንድቶ ይሰፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ምስሉ በሙሉ በረዶ እንደሚጥል ሁሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ይሸፈናል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ካሜራውን ራሱን የመታ ፕሮቶን ነው።

በኦክቶበር 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተነሣው ማዕበል በማርስ ምህዋር የነበረውን ማሪ የተባለ መሣሪያ ጸጥ አሰኘው፤ አልተመለሰም። የማሪ ሥራ ጨረራን መለካት ነበር።

ቺፑ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ቢሠራስ?

ይሠራል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ዘመኑም ወደ ኋላ የቀረ ነው። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕንም ኪዩሪዮሲቲ የማርስ ተሽከርካሪንም የሚያንቀሳቅሰው ራድ750 የተባለው ኮምፒውተር መሠረቱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የነበረ ቺፕ ነው። ኪሳችን ያለው ስልክ በፍጥነት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጠዋል። ያኛው ግን ስልካችን የማይችለውን ጨረራ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሥራውን ለሦስት መስጠት ነው። አንዱን ስሌት ሦስት ሰርኪቶች ይሠሩታል፤ እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል፣ የሳተው ይታረማል። ሜሞሪውም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ተጨማሪ ምልክት ይይዝና፣ የተገለበጠ ቢት ካለ ለይቶ ይመልሰዋል። ቺፕ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ መሳብ ከጀመረ ደግሞ ሳይቃጠል ኃይሉን ቆርጦ እንደገና የሚያስነሣ ጠባቂ ሰርኪት አለ።

ከመምጠቁ በፊት እንዴት ይፈተናል?

ቀስ በቀስ የሚጠራቀመውን ጉዳት ለማየት ቺፑን ኮባልት-60 ፊት ያስቀምጡታል። ይህ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ለዓመታት ያገለገለው ዐይነት የጨረራ ምንጭ ነው። በጠፈር በዓመታት የሚደርሰውን በሰዓታት ወይም በቀናት ያገኛል። ለፕሮቶን ጉዳት ማፋጠኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ ስዊዘርላንድ የሚገኘው የፓውል ሼረር ተቋም አንዱ ነው። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይቴምባ ላብስ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ሳይክሎትሮን አለው። ከቻንድራ በኋላ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች ኃይለኛውን ብቻ ሳይሆን ደካማውንም ፕሮቶን፣ በመስታወቱ በኩል ጭምር መፈተን ለመዱ።

አንዴ ከተጎዳ መዳን አለ?

አንዳንዴ በሙቀት። የተፈናቀሉት አቶሞች ሲሞቁ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ አስቀድሞ እርግጠኛ መሆንም አይቻልም።

ከታይታኒየሙ ሣጥን ውጭ የቀረችው የጁኖ ካሜራ የታቀደችው ለስምንት ዙር ነበር። ከ40 ዙር በላይ ሠራች። በ47ኛው ዙር ምስሎቿ ላይ ጉዳት መታየት ጀመረ፤ በ56ኛው ሁሉም ለማለት ይቻላል በጭረትና በጫጫታ፣ ማለትም ምስሉን በሚያበላሽ ነጠብጣብ ተሞሉ። ጁኖ በ57ኛው ዙር፣ ዲሴምበር 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ እሳተ ገሞራ ወደማይተኛባት አዮ ወደተባለችው የጁፒተር ጨረቃ በ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ልትጠጋ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ የሚመጣ አልነበረም። ለቡድኑ የቀረው አንድ ማሞቂያ ነበር። ካሜራዋን ቀድሞ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አሙቋት ነበር፤ አሁን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምስሎች ብዙም አልተሻሻሉም። አዮ ልትደረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ግን መጥራት ጀመሩ። በቀኑ የወረዱት ምስሎች እንደ መጀመሪያዋ ቀን የጠሩ ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ አመዳይ የተሸፈኑ ተራሮች በሰሜን ዋልታዋ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በካርታ ላይ ያልነበሩ እሳተ ገሞራዎችም ከነላቫ ሜዳቸው ይታያሉ። ጁኖ መዞሯን ቀጠለች፤ በ74ኛው ዙር ጫጫታው ምስሎቹ ላይ እንደገና መታየት ጀመረ።